የበዓል ሸመታ ገበያ ሳይወጣ ይወሰን፦ የግዢ ልማድን ደረጃ በደረጃ ለመለወጥ

በዓሉ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እንግዶች ተሸኝተዋል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከኮት ኪስ፣ ከቦርሳዬ ጥግና ከስልኬ መልእክቶች የለቀምኳቸውን ደረሰኞች ጠረጴዛው ላይ በየቀናቸው ደርድሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ናቸው። ወደ ዋዜማው በቀረብኩ ቁጥር ክምሩ ከፍ ይላል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ከቀረው ሁሉ ይበልጣሉ። አንዱን አንስቼ ሳነብ ዕቃው ምን እንደነበር ወዲያው አልታወሰኝም። ለማን እንደገዛሁት ለማስታወስማ ጭራሽ ብዙ ማሰብ ነበረብኝ።

የዚህ መመሪያ መነሻ ያ ምሽት ነው። የጸጸቱኝ ዕቃዎች ሁሉ ውድ አልነበሩም፤ ያስደሰቱኝም ሁሉ ርካሽ አልነበሩም። የለያቸው የተወሰኑበት ቦታ ነው። ቤቴ ተቀምጬ፣ ሰውየውን አስቤ የወሰንኳቸው ዛሬም አገልግሎት ላይ ናቸው። መደርደሪያ ፊት ቆሜ ወይም የስልክ ስክሪን ላይ አፍጥጬ የወሰንኳቸው ግን አብዛኞቹ ባክነዋል። ስለዚህ ልማዱን መለወጥ የሚፈልግ ሰው ዋና ሥራው ውሳኔውን ከገበያው ወስዶ ወደ ቤቱ ማምጣት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚሁ የሚያገለግሉ ናቸው። በቅደም ተከተል ቢሠሩ ይመረጣል፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ግን ሦስተኛውንና አራተኛውን ብቻ ቢሠራ እንኳ ለውጡን ያየዋል።

ደረጃ 1፦ ያለፈውን በዓል ወረቀት ላይ ያውጡት

አንድ ምሽት ይመድቡ። የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የወረቀት ደረሰኝ፣ በስልክ የመጡ የክፍያ መልእክቶች፣ ያገኙትን ሁሉ ይሰብስቡ። ከዚያ ደብተር ላይ አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ምን ተገዛ፣ ለማን፣ ስንት ወጣበት፣ የት ሆኜ ወሰንኩት፣ ዛሬ የት ይገኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓምዶች ሁሉም ሰው መሙላት ይችላል። ትምህርቱ ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ውስጥ ነው። ከእኔ ደብተር አንዱን መስመር ላሳይ፦ «የሻማ ማስቀመጫ፤ ለሥራ ባልደረባ፤ ለመክፈል ተሰልፌ ሳለሁ ከጎኔ አይቼው፤ አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሳይሰጥ ቀርቷል»። ከእሱ በታች ያለው ደግሞ፦ «የንባብ መነጽር፤ ለአጎቴ፤ ከሁለት ወር በፊት አሮጌው ሲሰነጠቅበት አይቼ፤ አሁን አፍንጫው ላይ»። የመነጽሩ ዋጋ ከሻማ ማስቀመጫው ያንስ ነበር።

መስመሮቹ ሲያልቁ፣ ከጸጸቱዎት ግዢዎች ጎን አንዳንድ ፊደል ይጻፉ። በጥድፊያ የተገዛ ከሆነ «ጥ»፤ «ምን ይሉኛል» ተብሎ የተገዛ ከሆነ «ይ»፤ የተገዛበት ምክንያት ቅናሽ ብቻ ከሆነ «ቅ»። ከሦስቱ የማይገባ ግዢ ማግኘት ያስቸግራል። የትኛው ፊደል እንደበዛ ይቁጠሩ። «ጥ» የበዛበት ሰው ደረጃ 2ን፣ «ይ» የበዛበት ደረጃ 4ን፣ «ቅ» የበዛበት ደግሞ ደረጃ 6ን አጥብቆ ይያዝ። ያለዚህ ቆጠራ የሚጀመር ለውጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማረም ይነሣና በሁለተኛው ሳምንት ይደክማል።

ደረሰኝ ያልያዘ ሰው ይህን ደረጃ አይዝለል። ከትውስታ የተጻፈ አሥር መስመር እንኳ ይበቃል። እንዲያውም የረሷቸው ግዢዎች መብዛታቸው በራሱ አንድ መልስ ነው።

ደረጃ 2፦ ሰሞኑ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ ራስዎ ይወስኑ

የሸመታ ሰሞን ከሰማይ አልወረደም፤ ሰው ነው ያዘጋጀው። እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1939 በአሜሪካ የምስጋና ቀን የሚከበርበት የኖቬምበር የመጨረሻ ሐሙስ በ30ኛው ቀን ላይ ዋለ። የገና ገበያ የሚደራው ከዚያ በኋላ ስለነበር ነጋዴዎች የመሸጫ ጊዜ አጠረብን ብለው አቤት አሉ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም በዓሉን በአንድ ሳምንት ቀደም አደረጉት። ግዛቶቹ ተከፋፈሉ፤ ከፊሉ በአዲሱ ቀን፣ ከፊሉ በቀድሞው አከበረ። ኮንግረሱ በ1941 አራተኛው ሐሙስ እንዲሆን በሕግ ደንግጎ ጭቅጭቁን ዘጋው። የበዓል ቀን ለገበያ ሲባል ከቦታው ተነሣ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቀኖቹ ተበራክተዋል። «ሳይበር ማንዴይ» (የኢንተርኔት ግዢ ሰኞ) የሚለውን ስም በ2005 ያወጡት የአሜሪካ ቸርቻሪዎች ናቸው። የቻይናው አሊባባ ኖቬምበር 11ን የቅናሽ ቀን ያደረገው በ2009 ነው። አማዞን «ፕራይም ዴይ» ያለውን የቅናሽ ቀን በ2015 ጀመረ። እያንዳንዱ ቀን ሲጨመር ሰሞኑ ይረዝማል፤ ሸማቹም ለረዥም ጊዜ «አሁን ካልገዛሁ ያመልጠኛል» በሚል ስሜት ውስጥ ይቆያል።

ስለዚህ የቀን መቁጠሪያውን ለሻጩ አይተዉ። ሦስት ቀኖች ያክብቡ። የመጀመሪያው ከበዓሉ ስድስት ሳምንት በፊት ያለው ቀን ነው፤ ያን ዕለት ዝርዝር ይጻፋል እንጂ ምንም አይገዛም። ሁለተኛው ከበዓሉ አራት ሳምንት በፊት ነው፤ ግዢ ይጀመራል። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ከበዓሉ ሰባት ቀን በፊት የስጦታ ግዢ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ቶሎ የሚበላሽ ነገርና ያልታሰበ የቤት ፍላጎት ብቻ ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በመጨረሻው ሳምንት የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለዕቃው ብቻ አይደለም። ለፈጣን ማድረሻ ይከፍላል፤ ምርጫው ስለተመናመነ ያልፈለገውን ዓይነት ይወስዳል፤ በጭንቀቱ ልክ ደግሞ የስጦታውን ዋጋ ከፍ ያደርጋል፤ ዘግይቶ ማሰቡን በገንዘብ የሚክስ ይመስለዋልና።

ደረጃ 3፦ ጣሪያውን ከገቢዎ ያውጡ

ብዙ ሰው በጀት ሲያወጣ የሚጀምረው ከስጦታ ዝርዝሩ ነው። ለእገሌ ይህ፣ ለእገሊት ያ ብሎ ይደምርና ድምሩን «በጀቴ» ይለዋል። ያ ግን የምኞት ድምር ነው። ሥራው ከተቃራኒው ጫፍ መጀመር አለበት።

የበዓሉን ወርና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ወር አንድ ላይ አድርገው ይያዙ። የሁለቱን ወራት ገቢ ደምረው የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት፣ መጓጓዣ፣ የዕለት ምግብ፣ ዕዳ፣ መደበኛ ቁጠባ ይቀንሱ። የተረፈውና ለበዓሉ ብለው አስቀድመው ያስቀመጡት ተደምሮ ጣሪያው ነው። ሁለቱን ወራት አንድ ላይ መያዝ ለምን አስፈለገ? በበዓል ሰሞን የሚጠፋው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማግስቱ ወር ነው። ያ ወር ወረቀቱ ላይ ሲኖር ከእሱ መስረቅ ይከብዳል።

ጣሪያው ከታወቀ በኋላ ይከፋፈላል፦ ስጦታ፣ ድግስና መስተንግዶ፣ ጉዞ፣ ለተቸገሩ የሚሰጥ፣ ጥቃቅን ወጪ፣ መጠባበቂያ። የእያንዳንዱ መጠን እንደየቤቱ ይለያያል። ስለ ሁለቱ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። መጠባበቂያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ አይነስ፤ ያልታሰበ እንግዳ ወይም የተረሳ ዘመድ ሁልጊዜም ይኖራል። «ጥቃቅን ወጪ» የሚለውም የራሱ መስመር ይኑረው። መጠቅለያ ወረቀት፣ ሪባን፣ ማድረሻ፣ ታክሲ፣ ለአሻንጉሊት የሚሆን ባትሪ በየራሳቸው ምንም አይመስሉም፤ በእኔ ደብተር ግን ተደምረው አንድ ትልቅ ስጦታ አክለው ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ማጠራቀም የሚችል ሰው ከሁሉም የተሻለ ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በፔንሲልቬንያ ካርላይል ከተማ የነበረ ባንክ ደንበኞቹ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አስቀምጠው ገና ሲደርስ የሚወስዱበት የቁጠባ ሂሳብ ከፍቶ ነበር። አሠራሩ ከዚያ ወደ ሌሎች ባንኮች ተስፋፋ። ጥበቡ ገንዘቡ ከመደበኛው ሂሳብ ተለይቶ፣ ስም ተሰጥቶትና ቀን ተቆርጦለት መቀመጡ ላይ ነው። ዛሬም ቢሆን ለብቻው የተከፈተ ሂሳብ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ያለፈውን በዓል ወጪ ለአሥር ይካፈሉት፤ የአሥር ወር መዋጮዎ ይህ ነው። ቀሪዎቹ ሁለት ወራት ለእክል ይሁኑ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ደረጃ 4፦ ከሰዎቹ ጋር ይነጋገሩ

ከሁሉም የሚከብደው ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙ ለውጥ የሚያመጣውም ይኸው ነው። የበዓል ወጪን ከምንም በላይ የሚያንረው ይሉኝታ ነው። እሷ ለእኔ ከሰጠችኝ እንዴት ባዶ እጄን እቀርባለሁ? እሱ ባለፈው ዓመት ትልቅ ነገር አመጣ፣ እኔ በትንሽ ብመጣ ምን ይለኛል? ይህን ሐሳብ ሁለቱም ወገኖች ያስቡታል፣ ሁለቱም ይጨነቁበታል፣ ሁለቱም አይናገሩትም። አንዱ አፉን እስኪከፍት ድረስ ወጪው በየዓመቱ ያድጋል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 በኒውዮርክ ሠራተኛ ሴቶች የሚበዙበት «የማይጠቅም ስጦታን የሚከላከል ማኅበር» ተቋቁሞ ነበር። የሱቅ ሠራተኞች ከአነስተኛ ደመወዛቸው ለአለቆቻቸው የበዓል ስጦታ እንዲያዋጡ ይገደዱ ነበርና ማኅበሩ ይህን በጋራ እምቢ እንዲሉ አደረጋቸው። የረዳቸው በጋራ መሆኑ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን እምቢ ብትል ኖሮ ስስታም ተብላ ትቀር ነበር።

ጥናቱም ይሉኝታችን የሚነግረንን አይደግፍም። ፍራንሲስ ፍሊንና ጋብሪኤል አዳምስ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰጪዎች ስጦታቸው በተወደደ መጠን ተቀባዩ ይበልጥ የሚደሰት መስሏቸው ተገኙ። ተቀባዮቹ ግን ደስታቸውን ከዋጋው ጋር አላያያዙትም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጆኤል ዋልድፎገልም በ1993 ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ተቀባዮች ለስጦታው የሚሰጡት ዋጋ ሰጪው ካወጣው ገንዘብ ከአሥር እጅ አንድ እስከ ሲሶ የሚያህል እንደሚያንስ ገምቷል። ያ ልዩነት ለማንም ሳይደርስ መንገድ ላይ የቀረ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ምን ይባላል? ንግግሩ በጊዜ ይሁን፤ ከበዓሉ ቢያንስ አምስት ሳምንት በፊት። በዋዜማው የተነሣ ሐሳብ ስስት ይመስላል። ለእህት እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እህቴ፣ ዘንድሮ በትልልቆቹ መካከል ስጦታውን ብንተወው ምን ይመስልሻል? ለልጆቹ ብቻ እንግዛ። አንቺም እኔም በዋዜማው ከመሯሯጥ እናርፋለን።» በዕድሜ ለገፉ ዘመድ ደግሞ፦ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ያሰብኩትን ልንገርዎት። ዕቃ ይዤ ከምመጣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አብሬዎት ብውል ደስ ይለኛል። የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ግን ሳይደብቁ ይንገሩኝ።» መሥሪያ ቤት ውስጥ መዋጮ ሲጠየቁ «በዚህ ዓመት በመዋጮው ላይ አልሳተፍም፣ ካርዱ ላይ ግን በደስታ እፈርማለሁ» ማለት በቂ ነው። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ ምክንያት የበዛበት እምቢታ ለድርድር ይከፈታል።

ቤተሰቡ ትልቅ ከሆነ ዕጣ ያውጡ። አሥር ሰዎች እርስ በርስ ስጦታ ሲለዋወጡ የሚገዛው ስጦታ 90 ነው። በዕጣ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ሲሰጥ 10 ይሆናል። ከ90 ስጦታዎች ስንቱ ታስቦበት ሊገዛ ይችላል? አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ሲያስብ ግን መነጽሩ መሰንጠቁን ያያል።

ለልጆች ነገሩን በተለየ መንገድ ያድርጉ። ቅር እንዳይላቸው ነገሩን እስከ በዓሉ ቀን ደብቆ መያዝ ቅሬታውን ያባብሰዋል። «የምትፈልጓቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ፤ ከሦስቱ አንዱ ይገዛል» ብሎ አስቀድሞ መንገር ልጁን መምረጥ ያስለምደዋል። ሦስቱን ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣ እንደገና ሲጽፍ ማየት ለወላጅም ደስ የሚል ነገር ነው።

ከዚህ ንግግር በኋላ የቀረው ዝርዝር እውነተኛው ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ የታወቀ ነገርና አንድ የዋጋ ወሰን ይጻፉ። ነገሩ የግድ ዕቃ ላይሆን ይችላል። ሲንዲ ቻንና ካሲ ሞጊልነር በ2017 እንዳሳተሙት፣ አብሮ ወይም ለብቻ የሚኖሩት ነገር፣ ማለትም ጉዞ፣ ትምህርት፣ ትርኢት፣ ከዕቃ ይልቅ ሰጪና ተቀባይን ያቀራርባል፤ ሰጪው አብሮ ባይገኝም እንኳ።

ደረጃ 5፦ ስልክዎ ላይ የተከፈቱትን በሮች ይዝጉ

በመደብር ውስጥ ቢያንስ ወረፋ አለ። ስልኩ ላይ ያ ጊዜ የለም። አማዞን በአንድ ንክኪ ግዢን የሚያጠናቅቅበትን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1999 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር፤ የመብቱ ዘመን በ2017 አበቃ። ድርጅቱ ያን ያህል የተቆረቆረለት በከንቱ አይደለም። በመፈለግና በመክፈል መካከል ያለው ርቀት ባጠረ ቁጥር ግዢው ይበዛል።

እርስዎ ርቀቱን መልሰው ያስረዝሙት። ይህን በአንድ ሰዓት መጨረስ ይቻላል። በመገበያያ መተግበሪያዎች ውስጥ የተቀመጠውን የካርድ ቁጥር ያጥፉ። ማሳወቂያቸውን ያጥፉ። የማስታወቂያ ኢሜይሎችን አንድ በአንድ ከፍተው ከታች በኩል ያለውን የደንበኝነት ማቋረጫ ይጫኑ። በበዓሉ ሰሞን የማያስፈልጉትን መተግበሪያዎች ደግሞ ጨርሰው ያንሷቸው፤ ከበዓሉ በኋላ መልሶ መጫን ይቻላል።

የካርድ ቁጥሩን ማጥፋት ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ካርድ ሲከፍል እጅ አይሰማውምና። ድራዜን ፕሬሌክና ደንካን ሲሜስተር በ2001 ባሳተሙት ጥናት ለስፖርት ውድድር መግቢያ ትኬት ጨረታ አቅርበው ነበር። ከፊሎቹ በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሎቹ በክሬዲት ካርድ እንደሚከፍሉ ተነገራቸው። በካርድ የሚከፍሉት ለአንድ ዓይነት ትኬት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ ሰጡ። ቁጥሩን በየጊዜው ከካርዱ ላይ እያዩ መጻፍ ትንሽ ያን ስሜት ይመልሰዋል። ካርዱ ሌላ ክፍል ከሆነማ ተነሥቶ መሄድ አለ፤ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ግዢ ቀርቷል።

ለሚያጓጓ ነገር የሦስት ቀን ደንብ ያውጡ። ዕቃውን ወደ ቅርጫት ከመጨመር ይልቅ ደብተር ላይ ከነዋጋውና ከነቀኑ ይጻፉት። ቅርጫት ውስጥ የተተወ ዕቃ ሻጩ «ረስተውኛል» የሚል መልእክት እንዲልክ ምክንያት ይሆነዋል፤ ደብተር ግን አይጠራም። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው ሲያነቡት አሁንም የሚፈልጉት ከሆነና ከዝርዝሩ ጋር ከገጠመ ይግዙት።

ሰዓት እየቆጠረ «ሊያልቅ 12 ደቂቃ ቀረው» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ገጹን ዘግተው በማግስቱ ይክፈቱት። ቆጣሪው እንደገና ከመጀመሪያው ሲጀምር ካገኙት ለሌላው ጊዜ ይማራሉ።

በሳምንት አንድ ቀን ምንም ሳይገዙ መዋልም ይረዳል። በ1992 በካናዳ የተጀመረው «ምንም ያለመግዛት ቀን» በአንዳንድ አገሮች ከትልቁ የቅናሽ ቀን ከ«ብላክ ፍራይዴይ» ጋር ፊት ለፊት ይውላል። እኔ የመረጥኩት እሑድን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች እጄ ስንት ጊዜ ሳላስበው ወደ ስልኬ እንደሚሄድ አሳይተውኛል።

ደረጃ 6፦ ቅናሽን ማንበብ ይማሩ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1974 ባወጡት ጽሑፍ የሚታወቅ ሙከራ አለ። 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም የተሠራ መንኮራኩር በሰዎች ፊት አዞሩና፣ በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ድርሻ በመቶ ስንት ይሆናል ብለው ጠየቁ። 10 ያዩት ሰዎች መካከለኛ ግምት 25፣ 65 ያዩት ደግሞ 45 ሆነ። መንኮራኩሩ ከጥያቄው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በመደብር መስኮት ላይ በቀይ የተሰረዘው «የቀድሞ ዋጋ»ም የሚሠራው ልክ እንደዚያ መንኮራኩር ነው፤ ዓይን መጀመሪያ ያየው ቁጥር ላይ ልብ ይንጠለጠላል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሜይ 28፣ 2022 ጀምሮ ቸርቻሪ ቅናሽ ሲያውጅ ከዚያ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ ያስከፈለውን ዝቅተኛ ዋጋ አብሮ እንዲያሳይ ሕጉ ያስገድደዋል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት የሚኖር ሰው ደንቡን ለራሱ ማውጣት ይችላል። ዝርዝሩን በጻፉበት ዕለት የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ከጎኑ ይመዝግቡ፤ ከተቻለ ፎቶ ያንሱት። ቅናሹ ሲታወጅ የሚያነጻጽሩት ከተሰረዘው ቁጥር ጋር ሳይሆን ከራስዎ መዝገብ ጋር ይሆናል።

ሒሳቡንም ይሥሩ። «40 በመቶ ቅናሽ፣ በዚያ ላይ ተጨማሪ 20 በመቶ» ሲባል ጆሮ 60 ይሰማል። ዋጋው 100 ከነበረ መጀመሪያ 60 ይሆናል፤ ከ60 ላይ 20 በመቶ ሲቀነስ 48፤ ጠቅላላ ቅናሹ 52 በመቶ ነው። «ሁለት ለሚገዛ ሦስተኛው በነጻ» ማለት ሦስት ለሚያስፈልገው ሰው የሲሶ ቅናሽ ነው። አንድ ብቻ ለሚያስፈልገው ግን ወጪው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። «ከዚህ በላይ ለገዛ ማድረሻ በነጻ» የሚለውንም ይጠንቀቁ፤ ከማድረሻው ዋጋ የሚበልጥ የማይፈለግ ዕቃ ጨምሮ «አተረፍኩ» ማለት የተለመደ ነው።

አንድ ጥያቄ ሁሉንም ይፈትናል፦ ቅናሽ የሚል ወረቀት ባይለጠፍበት፣ ይህን ዕቃ በዚህ ዋጋ እገዛው ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነና ዝርዝሩ ላይ ካለ፣ ቅናሹ እውነተኛ በረከት ነውና ሳያመነቱ ይግዙ።

ደረጃ 7፦ ዱቤን በደብተር ይያዙ

አሁን ግዢን በአራት ከፍሎ ያለ ወለድ መክፈል በብዙ አገሮች ተለምዷል። አንዱን ብቻ ለወሰደ ሰው ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። በበዓል ሰሞን ግን አምስት ግዢዎች አምስት ጊዜ በአራት ይከፈላሉ፤ 20 የክፍያ ቀኖች ማለት ነው፤ የአንዱ ቀን ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ሲረሳ መቀጫ ይመጣል። ገንዘቡም ቢሆን የሚወጣው ደረጃ 3 ላይ ካስቀመጥነው ከማግስቱ ወር ነው።

የምመክረው ደንብ አጭር ነው። ዛሬ ሙሉውን መክፈል የማልችለውን ስጦታ በዱቤ አልገዛም። የግድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አይኑር፤ ከመፈረምዎ በፊትም የቀሪዎቹን ክፍያዎች ቀንና መጠን ደብተሩ ላይ ይጻፉ። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ያለበት ሰው ለበዓሉ አዲስ ዕዳ ከመጨመሩ በፊት ደረጃ 4ን እንደገና ያንብብ። የሚወዱዎት ሰዎች ዕዳ እንዲገቡላቸው አልጠየቁም።

ደረጃ 8፦ የገበያው ቀን

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚሉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ መቼና የት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው «እሞክራለሁ» ካለው ይልቅ የፈለገውን ይፈጽማል። የእኔዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ዝርዝሬ ላይ የሌለ ነገር ካማረኝ፣ ዋጋውን ጽፌ አልፋለሁ። ያሰብኩት ዕቃ ካልተገኘ፣ ተተኪ ሳልፈልግ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ሻጩ «የመጨረሻው ነው» ካለኝ፣ አመስግኜ እወጣለሁ።

የቀረው ቀላል ነው። ሳይርብዎትና ሳይደክምዎት ይውጡ። ለዕለቱ የመደቡትን በጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ብቻዎን ወይም ዝርዝሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሂዱ። ከመክፈልዎ በፊት የመመለሻ ደንቡን ይጠይቁና ደረሰኙ ላይ መጻፉን ያረጋግጡ፤ በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ያለምክንያት በ14 ቀናት ውስጥ መመለስ በአውሮፓ ኅብረት መብት ነው፣ ከመደብር የተገዛው ግን በብዙ ቦታ በሻጩ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ዝርዝሩ ሲያልቅ የገበያው ቀን አልቋል። «እዚህ ድረስ መጥቼ» የሚለውን ሐሳብ አይስሙት።

ደረጃ 9፦ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ

ነገሩ ሳይቀዘቅዝ አንድ ገጽ ይጻፉ። ጣሪያው ስንት ነበር፣ በእውነት ስንት ወጣ፣ የትኛው ስጦታ ተቀባዩን አስደሰተ፣ «ጥ»፣ «ይ»፣ «ቅ» ከአምናው ቀነሱ ወይስ ጨመሩ። ከንግግሮቹ የትኛው ተሳካ፣ ማን ቅር አለው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ምን ቃል ተገባባችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም አይሳካም። የእኔ የመጀመሪያ ዓመት ላይ መዝጊያው ቀን በሁለት ቀን ተጥሷል፤ ጣሪያው ግን ጸንቷል።

በዚያው ቀን የሚቀጥለውን በዓል የመጀመሪያ መዋጮ ወደተለየው ሂሳብ ያስገቡ፤ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ይሁን። ከዚያ ገጹን ከደብተሩ ቀድደው ለሁለት ያጥፉትና የበዓል ጌጦቹን በምታስቀምጡበት ሳጥን ውስጥ፣ ከሁሉም ዕቃ በላይ ያድርጉት። በሚቀጥለው ዓመት ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ እጅዎ የሚነካው እሱ ይሆናል።